ሽምብራን በጥርሳቸው የሚመዝኑት እትዬ ዘይነባ

እትዬ ዘይነባ ማረፋቸውን የሰማሁት አየር ጤና፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ድሮ አብራኝ ትሠራ የነበረችው ሰላማዊት ከሰልፉ ኋላ አይታኝ መጣችና ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ፣ «ሰማሽ አይደል?» አለችኝ። አልሰማሁም ነበር። «ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። ያንኑ ዕለት ኮልፌ፣ ሙስሊም መቃብር ተቀበሩ። ስልክሽ ጠፍቶብኝ እንጂ እደውልልሽ ነበር» አለች። ታክሲው መጣ፤ ከኋላችን የነበሩት አልፈውን ገቡ፤ እኛ እዚያው ቆመን ቀረን።

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ልጆቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸው፣ የማላውቃቸው ብዙ እናቶች ነበሩ። ሁሉም ስለ ደግነታቸው ያወራል። እውነት ነው፣ ደግ ነበሩ። እኔ ግን ስለ ደግነታቸው ሳይሆን ስለ እልሃቸው መናገር ፈልጌ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ለቅሶ ቤት የሚወራ አልመሰለኝም። እዚህ ልጻፈው።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዲፕሎማዬን ይዤ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብኩት ኮልፌ ውስጥ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የምግብ ቤተ ሙከራ ነው። ቤቱ መንግሥት የወረሰው የሰው ቪላ ነበር። ሳሎኑ የሚዛንና የማድረቂያ ምድጃ ክፍል፣ ጓዳው የኬሚካል ማስቀመጫ ሆኗል። ባኞ ቤቱ ደግሞ የእትዬ ዘይነባ ነው። ባለቤቶቹ ትተውት የሄዱት ትልቅ ነጭ ባኞ ውስጥ ጠርሙሶቹንና ብልቃጦቹን ዘፍዝፈው፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው ሲያጥቡ ይውላሉ። በሠራተኛ መዝገቡ ላይ የተጻፉት «ዕቃ አጣቢ» ተብለው ነው።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ብልቃጥ ከመደርደሪያው አንስቼ ልጠቀምበት ስል ከኋላዬ መጥተው ከእጄ ወሰዱብኝ።

«እስኪ እንየው» አሉ። ወደ መስኮቱ ወስደው ብርሃን ላይ አዟዟሩት። እኔ ምንም አይታየኝም። «አልጠራም። ትናንት ቸኩዬ ነው» ብለው ይዘውት ተመለሱ። «እስኪ እንየው» የዘወትር ንግግራቸው ነበር። ወሬ ሲነገራቸው፣ መመሪያ ሲነበብላቸው፣ ሰው ሲታማ፣ መልሳቸው ይኸው ነው። አይቃወሙም፣ አይስማሙም። ማየት አለባቸው።

አባታቸው እህል በረንዳ የታወቁ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ሸምሱም እዚያው የሚነግዱ ሰው ነበሩ። አብዮቱ በመጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ አቶ ሸምሱ «እህል ደብቀሃል» ተብለው አሥራ አንድ ወር ታሰሩ። እትዬ ዘይነባ በየቀኑ ምሳ ያመላልሱ ነበር። ባለቤታቸው ሲፈቱ ሳንባቸው ተጎድቶ ነበርና ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሱቁም ተዘጋ። እትዬ ዘይነባ ሦስት ልጆች ይዘው በዕቃ አጣቢነት ተቀጠሩ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሰላማዊት ናት። እሳቸው ስለዚያ ዘመን አንድም ቀን አማርረው አያውቁም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ግቢ ውስጥ ተቀምጠን እትዬ ዘይነባ ከገበያ የገዙትን ሽምብራ ይለቅሙ ነበር። እፍኝ ሙሉ ዘግነው የቆርቆሮ ሳህን ላይ ከላይ ወደ ታች ለቀቁት።

«ስሚ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ድምፁን ነዋ። ደረቅ ሽምብራ ሳህን ላይ ሲወድቅ ይጮኻል። እርጥበት ያለው ያጉረመርማል። አባቴ ጆንያውን ሳይዘረግፍ፣ እጁን ከቶ አንድ ዝግን አውጥቶ ይህን ይሰማ ነበር።» ከዚያ አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሳቸው መሐል አደረጉና ቀጭ አደረጓት። «ደረቅ ከሆነ በአንዴ ለሁለት ይከፈላል። እርጥብ ከሆነ ጥርስሽን ያስገባዋል እንጂ አይሰበርም።»

ሳቅሁ። በትምህርት ቤት የተማርኩት ሌላ ነው። እትዬ ዘይነባ ግን ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ትንሿ ጥቁሯ ሽምብራ ገለፈቷ ወፍራም ነው፤ ለመብሰል ታስቸግራለች፤ ሆድ ግን ቶሎ አትለቅም። ቀይዋ ለሽሮ ናት፣ ሽታዋ ያምራል። ነጯ፣ የፈረንጅ የሚሏት፣ ትልቅ ናት፣ ቶሎ ትበስላለች፣ ቅባት አላት። «ግን ነጯን ፈጭተሽ አታስቀምጪ። ዱቄቷ ወዲያው የቆየ ዘይት ሽታ ያመጣል። ጥቁሯን ከነገለፈቷ ብትፈጪያት ክረምቱን ትወጣለች።»

«እትዬ፣ እኛ እኮ ገለፈቱ ጥቅም የለውም፣ ይጣላል ነው የተባልነው።»

«ማን አየው?» አሉኝ።

ይህን ባወራን በዓመቱ ድርቁ መጣ። ከተማው ውስጥ ለተቀመጥነው መጀመሪያ ወሬ ነበር፤ በኋላ የእርዳታ መኪናዎች ወደ ሰሜን ሲነዱ ማየት ጀመርን፤ ከዚያ ደግሞ ሕፃናት የያዙ እናቶች ራሳቸው ከተማ ገቡ። ቤተ ሙከራችን ትእዛዝ ደረሰው። ለሕፃናት የሚሆን የስንዴና የሽምብራ ድብልቅ ዱቄት ሊዘጋጅ ነው፤ የትኛው ሽምብራ እንደሚሻል መርምራችሁ በአስቸኳይ አሳውቁ ተባልን። ሦስት ጆንያ ናሙና መጣ። ጥቁሩ ከበቾ፣ ቀዩ ከአድአ፣ ነጩ ከአንድ የመንግሥት እርሻ። ጥቁሩ በየገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ሞልቶ ተርፏል። ነጩ ግን ጥቂት ነው፤ የሚበቃውን ያህል ለማግኘት የሚቀጥለውን አዝመራ መጠበቅ ሊኖርብን ነው።

አለቃችን ጓድ መርዕድ ውጭ አገር የተማረ ኬሚስት ነበር። ወፍራም መነጽር ያደርጋል፤ ጣቶቹ በአሲድ የተጠባበሱ ናቸው። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነበር። ከበላይ በስልክ ሲናገሩት ብድግ ብሎ ነው የሚሰማው። ሥራውን ለእኔ ሰጠኝና፣ «ዓርብ ሪፖርቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን» አለኝ።

አሁን ስህተቴን ልናገር። እህል ሲመረመር መጀመሪያ እርጥበቱ ይለካል። ናሙናው ተመዝኖ ምድጃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ይደርቅና እንደገና ይመዘናል። የቀነሰው ውሃው ነው። ይህ ሳይታወቅ የፕሮቲኑ መጠን በትክክል አይሰላም። ያን ሳምንት መብራት እየጠፋ አስቸገረኝ። የነጩን ለካሁ፤ የሌሎቹን ሁለቱን ስጀምር መብራት ሄደ። ሦስቱም ያው ሽምብራ ነው፣ ምን ልዩነት ይኖረዋል ብዬ የነጩን ቁጥር ለሦስቱም ጻፍኩ። ዓርብ ሪፖርቱን አስረከብኩ። ጥቁሩ በፕሮቲን ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ወጣ። ጓድ መርዕድ ፈረመበት። «ጥቁሩ ሽምብራ ለሕፃናት ምግብ አይመከርም፤ ለከብት መኖ ቢውል» የሚል ዓረፍተ ነገር ታክሎበት ወደ በላይ ሄደ።

ማክሰኞ ዕለት እትዬ ዘይነባ የናሙና ጣሳዎቹን ለማጠብ ሲገለብጡ የተረፈችው ጥቁር ሽምብራ ባኞው ውስጥ ተንከባለለች። ድምፅዋን ሰሙ መሰለኝ። «ሮማን፣ ነይ እስኪ» ሲሉ ተሰማኝ። ሄድኩ። አንዲት ፍሬ መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«ንከሻት።»

ነከስኳት። ጥርሴ ገባባት፤ አልተሰበረችም።

«ጆንያው የት ነበር የተቀመጠው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። የበቾው ጆንያ ሳሎን ቦታ ጠቦ ከባኞ ቤቱ ጀርባ፣ ቱቦው የሚያንጠባጥብበት ግድግዳ ሥር ነበር ሁለት ሳምንት የቆየው።

«የዚችን እርጥበት ለክተሻል?»

ፍሬዋን ከአፌ አውጥቼ አየኋት።

«ልጄ፣ ውሃውን ሽምብራ ብለሽ መዝነሽዋል።»

ባኞው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ሠራተኛ ጠፍቶ ነበር። የተበላሸ የመመርመሪያ መሣሪያ ምክንያት ሆኖ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተብሎ ነው የተወሰደው። «እትዬ፣ ሪፖርቱ እኮ ተፈርሞ ወጥቷል» አልኳቸው።

«ወጣ ማለት እውነት ሆነ ማለት ነው?»

«አሻጥረኛ ነው የሚሉኝ። ያስሩኛል።»

ፊታቸውን ወደ ቧንቧው መለሱ፤ ውሃውን ዘጉት። «እስር ቤት ምን እንደሆነ ለእኔ አትነግሪኝም» አሉ፣ ያለ ቁጣ። «እስከ ሰኞ አስቢበት። ከሰኞ ወዲያ ግን እኔ አልችልም። ሽምብራው ለከብት ከተሰጠ አይመለስም።»

ሰኞ መጣ። ጓድ መርዕድ ቢሮ በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘይነባ እጃቸውን በሽርጣቸው አድርቀው በፊቴ አልፈው ገቡ። በሩን ክፍት ትተውት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ጥቁሩ ሽምብራ ድጋሚ ይለካ» አሉ።

«ለምን?» አለ ጓድ መርዕድ።

«እርጥብ ነበር።»

«በምን አወቁ?»

«ነከስኩት።»

ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ እትዬ ዘይነባ እዚያው ቆመው ስላያቸው ተቆጣ። «ሪፖርቱ ለበላይ አካል ተልኳል። እባክዎ እትዬ ዘይነባ፣ እርስዎ ጠርሙስዎን ይጠቡ።»

«ታጥቧል፤ ጨርሻለሁ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

በትእዛዝ እስኪያስወጣቸው ድረስ ተቀመጡ። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሲገቡ ቀጥታ ወደ ቢሮው ሄደው በሩ ላይ ቆሙና «ጥቁሩ ሽምብራ ድጋሚ ይለካ» ብለው ወደ ባኞ ቤታቸው ተመለሱ። ረቡዕም እንዲሁ። ሐሙስም እንዲሁ። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ አንድ ቃል አይጨምሩም፤ አንድ ቃል አይቀንሱም። ሐሙስ ዕለት ጓድ መርዕድ በሩን ከውስጥ ቆለፈው። እሳቸው ከተቆለፈው በር ውጭ ቆመው ያንኑ አሉት።

በየሳምንቱ ዓርብ የውይይት ክበብ ነበረን። ሁላችንም ሳሎኑ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ከቀበሌ የሚላክ ሰብሳቢ ጋዜጣ ያስነብበናል፤ ጥያቄ ይጠየቃል፤ መፈክር አሰምተን እንበተናለን። ያን ዓርብ ጋዜጣ አልተነበበም። ሰብሳቢው አንድ ወረቀት ይዞ ተነሣና እትዬ ዘይነባን አስነሣቸው።

«ጓዲት ዘይነባ፣ የሥራ ቦታ ያውካሉ የሚል ሪፖርት ደርሶናል። የዕቃ አጣቢ ሥራዎ የሳይንስ ውጤት መተቸት ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«ባለቤትዎ እህል ደብቀው እንደነበር እናውቃለን። እርስዎ ደግሞ ዛሬ ለተራቡ ሕፃናት የሚሆን ሥራ ያጓትታሉ። ከጀርባዎ ማን አለ? ሪፖርቱ ተሳስቷል ብሎ የነገረዎት ማነው?»

«ጥርሴ ነው።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀና ወዲያው ሳቁን ሳል አስመሰለው። ሰብሳቢው አልሳቀም። እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ ሁላችንም ዞሩ።

«ባሌ እህል ደብቋል ተብሎ ታስሯል። ሞቷልና እሱን ተዉት። እኔ ዛሬ የተደበቀ እህል አውጡ ነው የምላችሁ። መጋዘን ሙሉ ሽምብራ አለ። ለከብት ይሰጥ ተብሎ ተፈርሞበታል። ልጆቹ ደግሞ ነጩ እስኪደርስ ይጠብቁ ተብሏል። የሚጠብቁ ይመስላችኋል?»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አጠፈው። «ስም ይናገሩ። ካልተናገሩ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ታግደው ጉዳይዎ ወደ ቀበሌ ይሄዳል።»

እትዬ ዘይነባ ወደ እኔ አላዩም። አንድ ጊዜም። ቢያዩኝ ኖሮ ምናልባት አንገቴን እደፋ ነበር። እሳቸው የሚያዩት የማድረቂያ ምድጃውን ነበር፤ ምድጃው ደግሞ ጠፍቶ በሩ ተከፍቷል። ሦስት ልጆች እንዳላቸው አሰብኩ። ትልቋ ልጃቸው በዚያ ሰሞን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምትቀመጥ ነበረች።

ተነሣሁ። ስነሣ ወንበሬ ወደ ኋላ ወድቆ ጮኸ፤ ሁሉም ዞረ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የጥቁሩን እርጥበት አልለካሁም።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አወጣ። በዚያው ቅጽበት ግን ጓድ መርዕድ መነጽሩን አውልቆ፣ «የማንን ቁጥር ነው የጻፍሽው?» ሲል ጠየቀኝ።

«የነጩን።»

«ለሦስቱም?»

«ለሦስቱም።»

መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየ። ፊቱ አመድ መስሏል። የፈረመው እሱ ነው፤ ወደ በላይ የላከው እሱ ነው። ዝም ቢል፣ ሁሉን በእኔ ላይ ጥሎ መውጣት ይችል ነበር። ወደ ሰብሳቢው ዞሮ፣ «ጓድ፣ ስብሰባው ለዛሬ ይብቃን» አለ። ከዚያ ለሰላማዊት፣ «ምድጃውን አብሪው» አላት። ስልክ በተቀበለ ቁጥር ብድግ ሲል የማውቀው ሰው ያን ቀን ራሱ ስልክ አንሥቶ፣ ተቀምጦ፣ «የላክንላችሁ ሪፖርት ስህተት አለበት፤ አስቁሙት» ሲል ሰማሁት።

እኔ አልታሰርኩም። ሦስት ዓርብ በተከታታይ ግለ ሂስ አደረግኩ፤ ለአንድ ዓመት ውጤት ላይ እንዳልፈርም ተከለከልኩ። ተገቢ ነበር። ሽምብራው ሦስት ጊዜ ተለካ፤ ሁለቱን ጊዜ ጓድ መርዕድ በገዛ እጁ። ሦስቱ ዓይነቶች በፕሮቲን ብዙም አይራራቁም ነበር። ነጩ በቅባት ትንሽ ይበልጣል፤ ጥቁሩ በገለፈቱ የተነሣ አሰር፣ ሆድ የማይፈጨው ነገር፣ ይበዛዋል። ለከብት የተባለው ሽምብራ ከመጋዘን ሳይወጣ ተደረሰበት።

እትዬ ዘይነባ ግን በዚህ አልበቃቸውም። ዱቄቱ ሊፈጭ ሲል ገለፈቱ ተበጥሮ ይጣል የሚል መመሪያ ወጣ። እሳቸው ከባኞ ቤቱ መስኮት ላይ ሦስት ክዳን የሌላቸው ጣሳዎች አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ከጭቅጭቁ በፊት ጀምሮ ያስቀመጧቸው ናቸው። አንዱ የነጭ ዱቄት፣ አንዱ የጥቁር ዱቄት ያለ ገለፈት፣ አንዱ የጥቁር ከነገለፈቱ።

«አሽትት» አሉት፣ ጓድ መርዕድን። «አንተ» ያሉት ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ፤ እሱም ልብ አላለም።

የመጀመሪያውን አሽትቶ ራሱን ወደ ኋላ አራቀ። የሁለተኛውን አሽትቶ ፊቱን አኮሳተረ። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አሸተተው። ምንም የለውም፤ የሽምብራ ሽታ ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደ መምህር ማስረዳት ጀመረ። ቅባት ከአየር ጋር ሲገናኝ ይበላሻል፤ ያ የቆየ ዘይት ሽታ ከዚያ ይመጣል። በገለፈቱ ውስጥ ያለው ቀለም አየሩን ሳይከላከልለት አይቀርም። «ቀለሙ ነው» እያለ ደጋግሞ ለራሱ አወራ። ዛሬ ይህን አንቲኦክሲዳንት ይሉታል። ጥቁርና ቀይ ሽምብራ በገለፈታቸው ምክንያት በዚህ ከነጩ እንደሚበልጡ እኔም ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ሳስተምር ሁሌ የሚታየኝ መጽሐፍ አይደለም፤ የጓድ መርዕድ አፍንጫ ጣሳ ውስጥ ገብቶ ነው።

እትዬ ዘይነባ ሁልጊዜ ትክክል ነበሩ ብል ግን ይቆጡኛል። ገለፈቱ ሳይነካ ይፈጭ ብለው አሸነፉ። የመጀመሪያው ዱቄት ቀራንዮ አካባቢ በነበረ አንድ የሕፃናት መመገቢያ ተሞከረ። እሳቸው ከሥራ ሲወጡ በየቀኑ እየሄዱ ከእናቶቹ ጋር ይቀመጡ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሥራ ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ትልልቆቹ ልጆች ተስማምቷቸዋል፤ ጥርስ ያላወጡት ግን ሆዳቸው ተነፍቶ ሲያለቅሱ አምሽተዋል። እንደ ልማዳቸው ቀጥታ ወደ ጓድ መርዕድ ቢሮ ሄደው በሩ ላይ ቆሙ።

«ተሳስቻለሁ» አሉ። «ለትንንሾቹ ተነክሮ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ ነው መፈጨት ያለበት። ለትልልቆቹ ከነገለፈቱ ይሁን፤ ግን እሱም ይታመስ። ዛሬ ይለወጥ።»

«እርስዎ አልነበሩም እንዴ ገለፈቱ አይነካ ያሉት?»

«እኔ ነኝ። ሳላይ ነው የተናገርኩት። አሁን አየሁ።»

ሰው ስህተቱን እንዲህ ቀላል አድርጎ፣ ሳይንተባተብ፣ ሰበብ ሳይደረድር ሲናገር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ያንኑ ለመናገር አሥር ቀን ፈጅቶብኝ ነበር። ዱቄቱ በሁለት ዓይነት ሆኖ ተዘጋጀ፤ መኪናዎቹ ጭነው ሄዱ። ስንት ልጅ እንደተረፈ አላውቅም። ለስንቱ እንደደረሰ የነገረን የለም። የሄደ መሆኑን ግን አይቻለሁ፤ ጆንያዎቹ ሲጫኑ እትዬ ዘይነባ እያንዳንዱን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ያሳልፉ ነበር።

ጓድ መርዕድ «ረዳት መርማሪ» ይባሉልኝ ብሎ ደብዳቤ ጻፈላቸው። የትምህርት ማስረጃ የላቸውም ተብሎ ተመለሰ። ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞ ተመለሰ። እሳቸው በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩት በእነዚያው ዓመታት ነበርና በጣሳዎቻቸው ላይ በትልልቅ ፊደል መጻፍ ጀመሩ፤ «ጥቁር ከነልብሷ»፣ «ነጭ ራቁቷን»። ጎብኚ ሲመጣ ጓድ መርዕድ ያፍርና ጣሳዎቹን ወደ መስኮቱ ያዞራቸዋል፤ ጎብኚው ሲሄድ እሳቸው መልሰው ወደ ፊት ያዞሯቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መዝገቡ ላይ ዕቃ አጣቢ እንደሆኑ ቀሩ።

መንግሥት ተለውጦ፣ ቤቱም ለባለቤቶቹ ተመልሶ፣ እኔም ወደ ማስተማር ከገባሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ቀራንዮ መድኃኔዓለምን አልፎ ባለው ሰፈር፣ ግቢያቸው ውስጥ ሽምብራ ያምሱ ነበር። አንዲት ወጣት እናት ልጅ አዝላ ለልጇ ዱቄት ልትወስድ መጥታለች። ጥቁሩ ሲመሰገን ሰምታ ኖሮ ጥቁሩን ስጡኝ አለቻቸው። እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ ልጁን ከጀርባዋ አወረዱና አፉን ከፍተው ድዱን አዩ። «ገና ነው» ብለው ከተከካው ሰጧት፤ እንዴት እንደምታበስለው ሁለት ጊዜ አስደገሟት።

ልጅቷ ስትሄድ ብቻችንን ቀረን። ያቺን ዓርብ አንሥተን አውርተን አናውቅም። ለዓመታት ልጠይቃቸው ስል እተወው ነበር። ያን ቀን እሳቱን እያየሁ፣ «እትዬ፣ ያኔ ስብሰባው ላይ ስሜን ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው። «ሥራዎን ሊያጡ፣ ከዚያም የባሰ ሊደርስብዎ ነበር እኮ። ለእኔ አዝነው ነው?»

ሽምብራውን ማገላበጣቸውን አላቆሙም።

«አዝኜስ ነበር» አሉ። «ግን ለዚያ አይደለም። ስምሽን ብሰጣቸው አንቺን ይዘው ይሄዱና በዚያው ይረካሉ። ጥፋተኛ ተገኘ፣ አበቃ ይባላል። ሽምብራውን ማን ይለካዋል?»

«እኔ ባልነሣስ ኖሮ?»

አሁን ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ከእሳቱ ወበቅ ቀልቷል፤ ዓይናቸው ግን ይስቅ ነበር።

«እንደምትነሺማ አውቅ ነበር» አሉኝ። «ትንሽ አስጠበቅሽኝ እንጂ።»